የግፊት ቀን በገንደ ጡብ

የግፊት ቀን ሲሆን ገንደ ጡብ ውስጥ እሳት አይለኮስም። ሰፈሩ በሶውን በጥብጦ፣ ቆሎውን ቆርጥሞ፣ ከዋዜማው የተረፈውን ፉርኖ በማር እያጠቀሰ ይውላል። ሕፃናት የበዓል ልብሳቸውን ይለብሳሉ፤ ከበሮ ያለው ከበሮውን ይዞ ይወጣል። በየቤቱ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል፤ እሱም ደጃፉ ላይ፣ ከጋዝ ቆጣሪው ጎን ይቆማል። ሌላው ኒም ዛፉ ሥር ተሰብስቦ ትልቁን ክብ ሰሌዳ ያያል። ሰሌዳው ላይ የጋዙን ግፊት የምታሳይ አንዲት ቀይ መርፌ አለች። መርፌዋ ባለችበት ከቆየች ሰፈሩ እንደ ሰፈር ይከርማል።

ካልቆየች የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ቀኑ በዓል የሆነውም ለዚሁ ነው። ሰው የሚፈራውን ነገር በቆሎና በከበሮ ካልተቀበለው በምን ይችለዋል?

ስንቅነሽ የሰፈሩ ፉርኖ ጋጋሪ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ከባሏ ከበላቸው የቀረላት ምድጃ ከመኝታ ክፍሏ ይሰፋል። በዋዜማው የሁለት ቀን ፉርኖ ጋግራ ስላደረች ክንዷ ዝሏል፣ ልቧ ግን እንደ ሙሽራ ይመታል። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ዳዊቷን ደገመች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ነጭ ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ ደጃፏ ላይ ወጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ እንደ ክፉ አማት አየችው።

ድሬዳዋ እንጨትና ከሰል ከረሳች ቆይታለች። ከሰል ሲያቀጣጥል የተገኘ ሰው ስሙ በየቤቱ ቆጣሪ ይለፈፋል። የየቤቱ ትርፍራፊና ጉድፍ ወደ ጓሮ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ጋዝ ይወልዳል፤ ጋዙ ጣሪያ ላይ ያለውን ነጭ ከረጢት ይነፋል። ከሰዓት በኋላ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያያት ሰው ከተማዋ የተኛ የበግ መንጋ ትመስለዋለች። ከቤቱ የተረፈው ጋዝ በአንዲት ትንሽ ቫልቭ ወደ ሰፈሩ የጋራ ቧንቧ ይመለሳል፤ የጎደለው ከዚያው ይወሰዳል። የጋራውን ቧንቧ «ቀለበት» ይሉታል። በቀለበቱና በቤቱ መሀል ቆጣሪው አለ።

ቆጣሪው የማያውቀው ነገር የለም። እንግዳ ሲመጣ ያውቃል፤ ባልና ሚስት ተኳርፈው ለየብቻ ሲያበስሉ ያውቃል። ስንቅነሽ የፍልሰታን ሱባዔ ይዛ እሳት ሳታነድ ስትቀር በየጧቱ «ነዋሪ አለ?» እያለ ይጮህባታል። እሷም ጸሎቷን አቋርጣ «አለሁ» ትለዋለች። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ፈቲያም በረመዳን ቀን ላይ እንዲሁ ስትጠየቅና ስትመልስ ትውላለች። በላቸው ያረፈ ጊዜ የቤቱ የጋዝ ድርሻ በነጋታው በግማሽ ወረደ። ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ አልወጣም፤ ለጋዝ መሥሪያ ቤቱም የተናገረ ሰው አልነበረም።

«አንቺ ስንቅነሽ!» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ መጣ። «ይሄ ፉርኖሽ ከምን ተሠራ? ጥርሴን አነቃነቀው!»

እጅጉ ነው። የድሮ የባቡር ቲኬት ቆራጭ፤ የግድግዳ ተጋሪዋ። የእሱ ቆጣሪና የእሷ ቆጣሪ በአንዱ ግድግዳ ላይ እንደ መንታ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በዕድሜ አባቷ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ግን ድሬ ላይ አንቱታ ድሮም አልሠራም።

«የትኛውን ጥርስ? አንድ የቀረችህን?»

«እሷን ነዋ! ለሠርጌ ያስቀመጥኳት ነበረች።»

«አቦ ተወኝ፣ ዛሬ ቀልድህን የምሸከምበት ትከሻ የለኝም።»

«ታዲያ ሌላ አምጪ። ለስለስ ያለውን።»

ከመሶቧ ለስላሳውን መርጣ አቀበለችው። በየጧቱ ይሰድባታል፣ በየጧቱ ትሰጠዋለች፤ ሁለቱም ሌላ ዓይነት ጧት አያውቁም። ግን ፉርኖውን ስታቀብለው ያ ሽታ ዳግም አፍንጫዋን ነካት፤ ጋዝ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበት የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ። ወራት ሆኖታል። ከእጅጉ በኩል ነው የሚመጣው፤ ስንቅነሽ በዚህ ጥርጥር የላትም። ሽማግሌው ቆጣሪውን ወልውሎ አያውቅም። የሸረሪት ድር የተከናነበ ቆጣሪ ካላፈሰ ማን ያፈሳል?

ለማንም አልተናገረችም፤ የማትናገርበትም ምክንያት ነበራት።

ፀሐይ ሞቅ ስትል የቀለበቱ ሰብሳቢ ሮባ ከኒም ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ወጣ። ሮባ ረጅም፣ ድምፁ ግን ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው ይስቃል።

«ደንቡን ላንብብ!»

«ዝለለው!» አለ ከሕዝቡ አንዱ። «በቃላችን ነው!»

«አልዘልም! አንደኛ፦ መርፌዋ ከወረደች ቀለበቱ ያፈሳል፤ ወድቀናል። ሁለተኛ፦ መርፌዋ ከወጣች አንድ ሰው ከከረጢቱ ጋዝ ጨምሯል፤ ተጭበርብሯል፣ ወድቀናል። ሦስተኛ፦ ጊዜው ሳያልቅ ያጠፋው በራሱ አፍ ከተናገረ ፈተናው እንዳልተጀመረ ይቆጠራል። አራተኛ…»

አራተኛውን የሰማው አልነበረም፤ ከበሮው ተመትቷል። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም የሰማ የለም። ገንደ ጡብ የሚፈራው የመውረዱን ነገር ብቻ ነው። ባለፉት ሁለት ፈተናዎች መርፌዋ ወርዳለች፤ የቅንድብ ያህል ነው፣ ግን ወርዳለች። በሦስተኛው ከወረደች ቀለበቱ ይፈርሳል፤ ሰፈሩ ተበትኖ ከኮረብታው ማዶ ሰገነት ወደሚባሉት ፎቅ ቤቶች ይወሰዳል። ሰገነቶቹ ንጹሕ ናቸው፣ ቀዝቃዛ ናቸው ይባላል። በሮቹም አይተያዩም። ወደዚያ የሄደ ሰው ጠፋ አይባልም፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን የሚያስታውስለት የለም።

አራተኛው ደንብ ይህ ነበር፦ ሰፈሩ የሚያፈሰውን ቤት ራሱ ጠቁሞ ከሰጠ ቀለበቱ ይድናል። የተጠቆመው ቤት ቆጣሪ ይታሸጋል። ቆጣሪው የማይተነፍስ ቤት ደግሞ ነዋሪ የለውም፤ ባለቤቱን ማምሻውን መኪና መጥቶ ወደ ሰገነት ይወስደዋል። መሥሪያ ቤቱ ቤት ለቤት ዞሮ አይፈልግም፤ እናንተ ንገሩን ይላል። ገንደ ጡብ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለት ጊዜ ዝም አለ።

ስንቅነሽም ዝም ካሉት አንዷ ናት። እጅጉን ሰገነት ላይ አስባ አየችው፤ የሚሰድበው ሰው ሳያገኝ በሳምንቱ ይሞታል። ስለዚህ ሱባዔ ላይ ሆና አንድ ነገር ቆርጣለች። የእሷ ከረጢት የፉርኖ ቤት ከረጢት ነው፤ ከሁሉም ይተልቃል። ከቫልቯ ትንሽ፣ ጭላንጭል ያህል ብትከፍት፣ የእጅጉ ቆጣሪ የሚያፈሰውን ያህል ብትተካ፣ መርፌዋ አትወርድም። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ ተብሎ የለ? እግዜርና እሷ ብቻ ያውቁታል።

ከመሥሪያ ቤቱ የተላከችው መርማሪ ኒእማ የእጅ መሣሪያዋን ይዛ፣ ከኋላዋ ፓምፑን እየጎተተች መጣች። ወጣት ናት፤ አነጋገሯ የአዲስ አበባ፣ ጫማዋ አቧራ ያልለመደ። በየደጃፉ እየዞረች ቫልቮቹን አየች። ስንቅነሽ ዘንድ ስትደርስ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«የዚህ ቆጣሪ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እርስዎ ማን ናቸው?» አለ እጅጉ ከጎን። «ከኋላዋ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

መንገዱ በሙሉ ሳቀ፤ ኒእማም ሳቀች። «እሺ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ የኔ እመቤት። ውሃ ትጠጫለሽ? ፉርኖ ልስጥሽ?»

«ከፈተናው በፊት ከማንም አልቀበልም» አለች ኒእማ። ዐይኗ ግን ፉርኖው ላይ ዋለ።

ፓምፑ ጮኸ። ቀለበቱ ተሞላ። መርፌዋ ተነሥታ ነጩ መስመር ላይ ደረሰችና ቆመች፤ ኒእማ ዋናውን ዘጋች፣ የግማሽ ሰዓቱን ሰዓት ሞላች። ከበሮው ዝም አለ። ውሾቹ እንኳ ጠረጠሩ መሰለኝ፣ የሚጮህ ጠፋ።

ስንቅነሽ ደጃፏ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቀጥ ብላ ቆማለች። አደባባዩ ከእሷ ሩቅ አይደለም፤ ሰሌዳው ጥርት ብሎ ይታያታል። መርፌዋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ እንደ ዐይን ሽፋሽፍት ተርገበገበችና ዝቅ አለች።

«አይ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ትንፋሽ።

ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ኋላዋ ላከች። የቫልቩን ጆሮ አገኘችው። በስመ አብ ብላ ቅንጣት ታህል አዞረችው። ጋዙ በጣቶቿ ሥር ሲሄድ ተሰማት፤ ልክ የተኛ ሕፃን ሲተነፍስ እንደሚሰማው።

መርፌዋ መውረዷን ተወች። ተመለሰች። ነጩን መስመር ነካች።

ተመስገን!

ከዚያም መስመሩን አለፈችው።

አደባባዩ አልቆየም። «እልልልል!» አለች አንዲት ሴት፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከበሮው ተደለቀ። «ወጣች! ወጣች! ገንደ ጡብ ሽቅብ!» ሮባ ድንጋዩ ላይ ሆኖ በቀጭን ድምፁ ይጮሃል፤ ሰው ይተቃቀፋል። ሁለት ዓመት ቁልቁል ያየ ሕዝብ ሽቅብ ሲያይ ማን ይከለክለዋል?

ስንቅነሽም ልቧ አብሮ ሊዘል ነበር። ግን ዐይኗ ኒእማ ላይ ዐረፈ። መርማሪዋ አልተደሰተችም። ፊቷ የቆየ ሊጥ መስሏል። የሮባ ቀጭን ድምፅ ያን ጊዜ ስንቅነሽ ጆሮ ውስጥ ተመለሰ፦ ከወጣች ተጭበርብሯል፤ ወድቀናል።

ክው አለች። ቫልቯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

መርፌዋ መውጣቷን ቀጠለች።

ዘግታዋለች እኮ! ዳግም ዳሰሰችው፤ ተዘግቷል። ታዲያ ይህ ጋዝ ከየት ነው? አንገቷን አዙራ መንገዱን ቁልቁል አየች።

ማዶ ልብስ ሰፊዋ ፈቲያ ቆጣሪዋ ጎን እንደ ወታደር ቀጥ ብላለች፤ ግራ እጇ ጎኗ ላይ፣ ቀኟ ከኋላዋ። ከፈቲያ ቀጥሎ ያለው ሰውዬ፣ እጁ ከኋላው። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው አራስ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ ታቅፋ፣ ሌላው እጇ ከኋላዋ። መንገዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ፣ በግራም በቀኝም፣ ገንደ ጡብ በሙሉ አንድ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ ቆሟል። ሁሉም ወደ ሰሌዳው አፍጥጦ፣ ሁሉም የዋህ መስሎ።

ወደ ጎን ስትዞር እጅጉም ያው ነው። ጺሙ ላይ የፉርኖ ፍርፋሪ፣ እጁ ከኋላው።

ሳቋ መጣ፣ ዕንባዋም አብሮ መጣ፤ ለሁለቱም ጊዜ አልነበረም። ሰዓቱ እየሮጠ ነው። መሀል መንገድ ገባች፣ ሁለት እጇን አንሥታ ጮኸች፦

«ቁሙ! ዝም በሉ! ጨምሬያለሁ! እኔ ነኝ የጨመርኩት!»

ከበሮው በመሀል ተቆረጠ። እልልታው እንደ ገመድ ተበጠሰ።

«ስንቅነሽ?» አለ ሮባ። «አንቺ? በሰንበት ፉርኖ እንኳ አልጋግርም የምትይው?»

«እኔው! ከከረጢቴ ነው የከፈትኩት። እናንተም እንደኔው ናችሁ፤ እጃችሁን ወደ ፊት አምጡ! ፈቲያ፣ እጅሽን!»

«ጀርባዬን እያከክሁ ነው» አለች ፈቲያ።

«ከጧት ጀምሮ ነው የሚያሳክክሽ?»

ፈቲያ አንገቷን ደፋች። ሰው የሰረቀውን ቢጠየቅ ይክዳል፤ ገንደ ጡብ ግን የሰጠውን ተጠይቆ ነበር የሚክደው። በስውር የተሰጠ ነገር በአደባባይ ከተነገረ ዋጋው እንደሚቀር ሁሉም ከየአባቱና ከየእናቱ ተምሯል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም። ኒእማ ሰዓቱን አየች። «እባካችሁ» አለች። «የከፈተ ሁሉ ካልተናገረ መሰረዝ አልችልም። ሊያልቅ ነው።»

«ተናገሩ!» አለች ስንቅነሽ። «እግዜር ይቅር ይላል፤ ያ ሰሌዳ ግን ይቅር አያውቅም!»

«ወላሂ እኔም ከፍቻለሁ» አለች ፈቲያ፤ እጇ ወደ ፊት መጣ። አራሷ ቀጠለች። ከዚያ መንገዱ እንደ ደራሽ ውሃ ሆነ፤ «እኔም!» «እኔም አለሁበት!» «እኔ ትንሽ ነው፣ ግን አለሁበት!» እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ሮባ ከድንጋዩ ወርዶ «ሚስቴን ክፈቺ ያልኳት እኔ ነኝ» ሲል ግማሹ ሕዝብ በድንጋጤ ግማሹ በሳቅ ተያዘ። ኒእማ መሣሪያዋን ተጫነች። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

«ተሰርዟል» አለች። «አልተጀመረም።» ተቀምጣ ላቧን ጠረገች። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ለማን ብላችሁ ነው?»

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በዐይኑ ጥግ አየ።

«እኔስ ለእጅጉ ብዬ ነው» አለች ስንቅነሽ። «ይቅርታ አድርግልኝ እጅጉ። ቆጣሪህ እንደሚያፈስ ካወቅሁ ቆየሁ።»

እጅጉ እንደ ተረገጠ ድመት ዘለለ። «የኔ? የኔ ቆጣሪ? የኔ ቆጣሪ እንደ ሐዲድ ነው! ስሚ፣ እኔ የከፈትኩት ላንቺ ነው!»

«ለኔ?»

«ላንቺ! የሚያፈሰው ያንቺ ነው!»

ስንቅነሽ ልትስቅ ፈለገች። ወደ ፈቲያ ዞረች፤ ፈቲያ የሻሿን ዘርፍ ትቆጥራለች። ወደ ሮባ ዞረች፤ ሮባ ኒም ዛፉን እንደ አዲስ ያየዋል። አራሷ ብቻ ነበረች ዐይኗን ያላሸሸችው፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳለች። መንገዱ በሙሉ ከፍቶ የነበረው ለእሷ ነው።

«አረፋውን አምጪልኝ» አለች ስንቅነሽ ኒእማን።

ኒእማ የሳሙና አረፋውን በብሩሽ ይዛ መጣች። ቀድማ የእጅጉን ቆጣሪ ቀባች፤ አረፋው ዝም ብሎ ፈሰሰ። ከዚያ የስንቅነሽን ቆጣሪ አንገቱ ላይ፣ ቧንቧው ከቆጣሪው በሚገጥምበት ቀባች። አንዲት ኳስ ብቅ አለች። ሰፋች፣ ቀስተ ደመና ያዘች፣ ፈነዳች። ሌላ ብቅ አለች።

«ጎሚኒው አርጅቷል» አለች ኒእማ ቀስ ብላ።

«ጎሚኒ ነው?» አለ ሮባ። «ጎሚኒማ ቀይሪው! አንድ ቁራጭ ላስቲክ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ ቆጣሪ አይከፈትም። የሚቀየረው በሚመጣው ዓመት ተራ ሲደርስ ነው። ዛሬ ወይ ይታሸጋል፣ ወይ…» ሰሌዳውን አየች፤ ወይ የሚለውን አልጨረሰችም።

ስንቅነሽ ወደ እጅጉ ዞረች። «ለምን አልነገርከኝም? በየጧቱ ስለ ፉርኖዬ ከምትጮህ አንድ ቀን ይህን ብትለኝስ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። «ብነግርሽ ታሽጊዋለሽ። አላውቅሽምና ነው?»

በትክክል ዐውቋታል። ኒእማን «ቺያቤውን ስጪኝ» አለቻት፤ ማሸጊያ ቁልፉን። ደንቡም በባለቤቱ እጅ ይታሸግ ይላል። ውስጥ ገብታ ምድጃዋን አንድ ጊዜ አየችው፤ ሆዱ ውስጥ የትናንቱ ሙቀት አለ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ጥርሱን ያወጣው በዚህ ምድጃ ፉርኖ ቅርፊት ነው። አማተበች። ወጥታ ቺያቤውን ገጠመች፣ አዞረች፣ እስኪከብዳት አዞረች።

ቆጣሪው ያንን ግድ የለሽ ድምፁን አሰማ። «ነዋሪ አለ?»

አልመለሰችለትም። ትንሽ ጠብቆ ዝም አለ።

ፈተናው እንደገና ሲጀመር ማንም ሳይነግረው ሁሉም ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ፓምፑ ጮኸ፤ መርፌዋ ነጩ መስመር ላይ ቆመች። ኒእማ ሰዓቱን ሞላች።

የሚሮጥ ፈረስ ልብ ያስመታል፤ የሚወድቅ ግንብም ያስመታል። የማይንቀሳቀስ ነገር እንዲህ ልብ እንደሚያስመታ ግን ገንደ ጡብ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። መርፌዋ ቆማለች። ነፋስ ኒሙን ነካው፣ ቅጠል ወረደ፤ መርፌዋ ቆማለች። የአራሷ ሕፃን አለቀሰና አባበሉት፤ ቆማለች። ፈቲያ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ስንቅነሽም እንዲሁ። የጊዜው ማለቂያ ላይ መሣሪያው ጢጥ አለ፤ የጮኸ ግን የለም። አንዴ በመርፌ የተሞኘ ሕዝብ ነውና ሁሉም ወደ ኒእማ አፍ አየ።

«ይዟል» አለች ኒእማ። ከዚያ ራሷን መቆጣጠር አቅቷት ዘለለች። «ይዟል! ይዟል!»

የዚያን ዕለት የገንደ ጡብ ጩኸት ባቡር ጣቢያ ድረስ ተሰማ ይላሉ። ሮባ ተንበርክኮ መሬት ሳመ፤ ሲነሣ አፍንጫው ላይ አቧራ ይዞ ስለነበር ሰው ሁሉ እሱን እያየ ይስቅ ጀመር። ስንቅነሽን ከመሬት አነሷት፣ አዞሯት፣ ሳሟት። እሷም እየሳቀች ነበር፤ እየሳቀች ሳለ ነው ከሩቅ መኪናውን ያየችው። ግራጫ ነው፤ ሾፌር የለውም። ቆጣሪዋ በታሸገ ጊዜ ነው የተነሣው፤ አሁን ቀስ እያለ መንገዱን ይወጣል።

ጩኸቱ ከዳር ወደ መሀል እየሞተ መጣ።

«ማምሻውን አልተባለም እንዴ?» አለች ፈቲያ።

«ሰገነቱ ላይ ቦታ ክፍት ሲሆን ቀድሞ ይመጣል» አለች ኒእማ፤ መሬቱን እያየች።

ስንቅነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ዳዊቴን ልያዝ» አለች። «ሌላ የምይዘው የለኝም።»

«ቆይ!» ሮባ ኒእማ ፊት ተደነቀረ። «በኔ ቆጣሪ ላይ ጻፊያት! ከኔ ምድጃ ትብላ! አይቻልም?»

ኒእማ ራሷን ቀና አደረገች። «ቤተሰብ ከሆነች ይቻላል። ቦታ ካለ።»

«ቤተሰብማ ናት!»

መሣሪያውን ወደ ሮባ ቤት አዙራ ተጫነች። ቀይ። «ሞልቷል» አለ። ፈቲያ «የኔን! የኔን!» እያለች ክንዷን ያዘቻት። ቀይ፤ ሞልቷል። አራሷ ሞከረች፤ ሕፃኑ ገና ሳይወለድ ቦታውን ይዞ ነበር። ቤት ለቤት ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ሰዉ ለአንድ ሴት ይራኮታል፤ አንዱ «እኔ ቀድሜ ጠይቄያለሁ» ሲል ሌላው «አንተ ለሚስትህም አትበቃ!» ይለዋል። መኪናው ኒም ዛፉ ጥላ ላይ ደርሶ ቆመ፤ በሩን ራሱ ከፈተ።

ከሁሉም ኋላ እጅጉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔ ባዶ ነው» አለ። «ብቻዬን ነኝ።»

መሣሪያው ጥቂት አሰበና ቢጫ ሆነ። «ቦታ አለ» አለች ኒእማ። «ዝምድና ይጠይቃል። ምንህ ናት?»

«ጎረቤቴ።»

«ጎረቤት የሚል የለውም።»

«እንዴት የለውም?»

«ነበረው ይባላል። በኋላ አውጥተውታል።» ዝርዝሩን አነበበችላቸው። «ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ ሠራተኛ።»

«ሚስት!» አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ። «ሚስት በይ! ጥርሱን ለሠርጉ አስቀምጧታል!»

«ሂዱ እዛ!» አለች ስንቅነሽ፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «በላቸውን በወዲያኛው ዓለም ምን ልለው ነው?»

«ልጁ ትሁን!»

«በየጧቱ እየሰደበችኝ?» አለ እጅጉ።

«እንግዲያው ሠራተኛ ብለን እንለፈው» አለ ሮባ፣ መኪናውን በዐይኑ እየሰረቀ። «ለስሙ ነው እንጂ…»

«አትባልም!» እጅጉ ዱላውን መሬት መታ። እንዲህ ሲቆጣ ያየው ሰው አልነበረም። «ስንቅነሽ ሠራተኛ አትባልም! እናት በይ!»

ከሰፈሩ አንዱ ፈንድቶ ሳቀ።  ስንቅነሽ ግን አልሳቀችም። «ውሸት ነው እጅጉ» አለች። «ለመርፌዋ ያልዋሸን ለዚህ እንዋሽ?»

«ምኑ ነው ውሸቱ? በላቸው ሳይሞት፣ ከሞተም በኋላ፣ በየጧቱ የምታበላኝ ማን ናት? ሲያመኝ ሾርባ ይዛ የምትመጣው? እየተቆጣች የምትሰጠኝ? እናት ሌላ ምን ትሠራለች? ንገሪኝ!»

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዐይኗ ወሰደች። 

«ዕድሜ ይጠይቃል?» አለች ፈቲያ ኒእማን በሹክሹክታ።

ኒእማ መሣሪያውን እስከ ታች አየችው። ከላይ አየችው። «አይጠይቅም» አለች፤ ፈገግታዋ ሳታስበው አመለጣት። «ከአንድ ምድጃ መብላታቸውን ብቻ ነው የሚጠይቀው።» ተጫነችው። አረንጓዴ። መኪናው በሩን ዘጋ፤ ወደ ኋላው ተመለሰ፣ ባዶውን መንገዱን ወረደ።

የእጅጉ ቆጣሪ ከሸረሪት ድሩ ሥር ድምፁን አሰማ። «ሁለት ነዋሪ» አለ።

ስንቅነሽ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ቀረች፤ ማልቀስ ወይ መሳቅ አልመረጠችም። ሰፈሩ ከበሮውን አንሥቷል፣ ግን አልመታም፤ እሷ ምን እንደምትል ይጠብቃል። ቀድሞ የተናገረው እጅጉ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈው ሰው በማይጠበቅ ድምፅ፣ ሁሉም እየሰማ፣ የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አደረገ።

«እማ» አላት። «ራበኝ።»